የፋሲካ ሰሞን ቲራሚሱ ዶናት እንዴት ይቀመሳል? ሁለት አበላሽቼ የተማርኩት

ቅርንጫፉ የበዛ አንድ ኬክ ቤት ለፋሲካ ሰሞን ብቻ ብሎ ቲራሚሱ ዶናት አወጣ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አይገኝም ተባለ። «ዶናት ለመብላት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከገዛኋቸው ሦስቱ ሁለቱን አበላሽቼ ነው ልቤ የተመለሰው፤ ዋጋው ደግሞ የሻይ ቤት ቦምቦሊኖ ዋጋ እንዳይመስላችሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ቲራሚሱ የጣሊያን ጣፋጭ ነው። ቡና የጠጣ ብስኩት፣ ማስካርፖኔ የሚባል ለስላሳ አይብ፣ እንቁላል፣ ከላይ የተነሰነሰ ካካዎ። ዶናቱ ላይ ሲመጣ ብስኩቱ ይቀራል፤ ክሬሙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካካዎው ከላይ ይሆናል።

መጀመሪያ፦ ቀኑን ምረጡ

የመጀመሪያዋን ዶናት የበላኋት የፋሲካ ዕለት ነው፣ ከዶሮ ወጥ በኋላ። 55 ቀን ጾሜ፣ ሌሊት ተልባ ጠጥቼ፣ ጠዋት በዶሮው ላይ ተዘምቶበት፣ በዛ ላይ ዶናት። በርበሬው ምላሴን ለብልቦታል፣ ቅቤው ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል። ስኳር መሆኑን ብቻ ነው ያወቅኩት። እና አታድርጉት። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም ቀን አይጠፋም። ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ቁርሱ ወረድ ብሏል፣ ምሳው ገና ነው።

ስትገዙ

ወገቡን እዩት። በእርሾ የተነፋ ሊጥ ዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ መሀሉ ላይ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀበቶ ይቀርለታል። ቀበቶው ጥርት ብሎ ከታየ ሊጡ በደንብ ተነፍቷል ማለት ነው። ከሌለ ወይም ዙሪያው በሙሉ ከጠቆረ ሌላ ጠይቁ። ክሬሙ መቼ እንደገባበትም ጠይቁ፣ አትፈሩ። አስተናጋጇ ትስቅ ይሆናል፤ እኔ ላይ ስቃለች፣ ግን ከጓዳ አዲስ አመጣችልኝ።

ማጓጓዝ (እዚህ ላይ ቆም በሉ)

ሁለተኛዋ ዶናት እዚህ ላይ ነው ያለቀችው። ሐሳቤ ያምር ነበር፤ ዶናቱን ይዤ ጣና ዳር ወርጄ፣ ጥላ ስር ተቀምጬ፣ ሐይቁን እያየሁ ልበላ። ልጅቷ «ወንድሜ በፌስታል ላድርግልህ?» ስትለኝ እሺ አልኩ። ባጃጅ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ጓደኛ ደወለ፣ ወረድኩ፣ ቆመን አወራን፣ ወሬው ወሬ ወለደ፣ እና የሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ምን እንደምታደርግ የማያውቅ እንግዳ ይመስል ፌስታሉን እጄ ላይ አንጠልጥዬ ቆየሁ። ሐይቁ ዳር ደርሼ ስከፍተው ካካዎው ጭቃ ሆኗል፣ ክሬሙ በቀዳዳው ፈሷል፣ ሽፋኑ ከነስኳሩ ፌስታሉ ላይ ተለጥፏል። በጣቴ ልሼ ጨረስኩት ብል ታምናላችሁ? እሱም ስህተት ነበር፤ ማታ ሆዴ ነገረኝ።

ማስካርፖኔ የወተት ነገር ነው። የወተት ክሬም ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ስለዚህ በካርቶን አስደርጉት፤ ፌስታል እንፋሎቱን አፍኖ ስኳሩን ያሟሟዋል። ሐይቅ ዳር ካማራችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ስልክ አታንሱ።

«ፍሪጅ ውስጥ ባሳድረውስ?» ክሬሙ ይተርፋል፣ ሊጡ ግን ይሞታል። የዳቦ ዓይነት ነገር ክፍል ውስጥ ከሚቆየው ይልቅ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። የግድ ከሆነ ለጥቂት ሰዓት ብቻ አስገቡት፣ ከመብላታችሁ 15 ደቂቃ በፊት አውጡት፤ ቀዝቃዛ ነገር ጣፋጭነቱ ይደበቃል። ማይክሮዌቭ የሚሏችሁን አትስሙ።

አሁን መቅመስ

በዳቦ ቢላዋ፣ ጥርስ ባለው፣ ሳትጫኑ ለሁለት ክፈሉት። ጎኑ ላይ ክሬሙ የገባበት ቀዳዳ አለ፤ በዛ በኩል ከቆረጣችሁ የክሬሙን መጠን ታያላችሁ። ሹካ አያስፈልግም። ዶናት በሹካ የሚበላ ሰው አይቻለሁ፣ ምንም አላልኩም።

መጀመሪያ ከቀዳዳው ተቃራኒ ካለው ጫፍ ሊጡን ብቻ ቅመሱ። የቆየ ዘይት ካለ የሚጋለጠው እዚህ ነው፤ ክሬም ከመጣ በኋላ አታገኙትም። ልኬቱ ደግሞ ጠዋት በሻይ የምንበላው ቦምቦሊኖ ይሁን። ከሱ ካልተሻለ ቲራሚሱ የሚል ስም አያድነውም።

ቀጥሎ ክሬሙን ብቻ፣ በማንኪያ ጫፍ። የምትፈልጉት የቡና ምረት ነው። ቫኒላና ስኳር ብቻ ከሆነ ተሸውዳችኋል።

ከዛ ሁሉንም በአንድ ጉርሻ። ስትነክሱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ አትሳቡ! ካካዎው ጉሮሮ ገብቶ ያስላችኋል፣ ሰው ፊት ያሳፍራል። ከዋጣችሁ በኋላ ደግሞ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ በቀስታ ተንፍሱ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነው፣ ቡናው ከካካዎው ተለይቶ የሚመጣው ያኔ ነው።

በየመሀሉ ያልቀዘቀዘ ውሃ። ማኪያቶ አይሆንም፤ ወተት በወተት ላይ ነው። ጥቁር ቡና ያለ ስኳር፣ ያውም መጨረሻ ላይ። የዘጌ ቡና ካገኛችሁማ ሌላ አትፈልጉ፤ ከሐይቁ ማዶ ዛፍ ጥላ ስር የበቀለ ነው።

ሦስተኛዋን ቤት ውስጥ እንዲህ ቀመስኳት። ክሬሙ ቡና ቡና ይላል፣ ደስ ይላል። ሊጡ ትንሽ ከበደኝ። ይህንን ስልኬ ላይ እየጻፍኩ እናቴ ገብታ አየችና «ምንድን ነው ይሄ?» አለች። ነገርኳት። «ቦምቦሊኖው ምን አጠፋ?» አለችና የቀረውን ግማሽ በሁለት ጉርሻ ጨረሰችው።