ጫት ያቆማችሁ፣ መጀመሪያ እንቅልፋችሁን ጠብቁ

ጫት ያቆመ ሰው ወደ መቃም የሚመለሰው ሁልጊዜ ጓደኛ ጎትቶት አይደለም። ብዙ ጊዜ ደክሞት ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ቀን 8 ሰዓት ላይ ዓይኑ ሲከደን፣ የበርጫው ሰዓትም ያው ስለሆነ፣ ሀራራው ከድካሙ ጋር ተደርቦ ይመጣበታል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ራሱን የመግታት አቅሙ ይቀንሳል። «ለዛሬ ብቻ» የምትለዋ ሐሳብ የምታሸንፈው ያኔ ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ሲቆም ተቃራኒው ይመጣል፦ ድብታ፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ ከዚያም ዱካክ። ቅዠቱን ፈርቶ ብቻ የሚቅም ሰው አለ። እባካችሁ፣ ዱካክ ያልፋል። ስትባንኑ ውሃ ጠጡ፣ ትንሽ ተረጋጉና ተመልሳችሁ ተኙ። ስልክ ግን አትክፈቱ።

ሌሊት ባትተኙም ጠዋት በተለመደው ሰዓት ተነሱና ፀሐይ ላይ ውጡ። ይሄ ከሁሉም በላይ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ከምሳ በኋላ ድካሙ ሲጫናችሁ አትታገሉት፤ ደወል ሞልታችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጋደም በሉ። ከዚያ ካለፈ የማታውን እንቅልፍ ይበላባችኋል። ሥራ ላይ ከሆናችሁ ተነስታችሁ ተራመዱ፣ ጫት ቤቱ ባለበት መንገድ ግን አይሁን።

ቡና ተው አልልም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይቅርባችሁ። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓትም ግማሹ ውስጣችሁ አለ።

ሌሊት ለመንቃት ብላችሁ ጫት የጀመራችሁ ሹፌሮችና ጥበቃዎች፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀን ፈረቃ ለምኑ። ሹፌር ከሆናችሁ ደግሞ እንቅልፍ እየጣላችሁ አትንዱ፣ መኪናውን አቁሙና ተኙ።

ለመተኛት ብላችሁ አትጠጡ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ ጠዋት ደክሟችሁ ትነሳላችሁ። በየቀኑ ጨብሲ ላይ (ከጫት በኋላ በሚጠጣው መጠጥ) በብዛት ስትጠጡ ከነበረ ግን መጠጡን በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ያማክራችሁ። የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት የሆነውን ዲያዜፓምንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ፣ እሱ ራሱ ሱስ ያስይዛል።

እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ድብርቱ ለሳምንታት ከቀጠለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለላችሁ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳምንት አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ለቅርብ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሂዱ።