ከቤት ኪራይ በፊት ክራዩን እወቁ፦ ክራስኖያርስክ ለምትገቡ

ለትምህርት ሩሲያ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለችው ክራስኖያርስክ ከተማ ደርሳችሁ የሚሰጣችሁን ወረቀት ስታገላብጡ «ክራይ» የሚል ቃል ይደጋገምባችኋል። ከቤት ኪራይ ጋር ዝምድና የለውም። በሩሲያኛ ዳር፣ ጠረፍ ማለት ነው፤ በአስተዳደር ቋንቋ ግን እንደ እኛው ክልል አድርጋችሁ ያዙት። «ኦብላስት» ከሚባለው ሌላው የሩሲያ ክልል ዓይነት ጋር የስም እንጂ የሥልጣን ልዩነት የለውም። የራሱ ገዥና ምክር ቤት አለው። ከበላዩ ደግሞ ክራዩንና ሌሎች ዘጠኝ ክልሎችን የሚያቅፍ፣ ማዕከሉ ኖቮሲቢርስክ የሆነ የሳይቤሪያ ፌዴራል ዲስትሪክት አለ። እሱ የፕሬዚዳንቱ እንደራሴ ክልሎቹን የሚከታተልበት መዋቅር ስለሆነ ለእናንተ ጉዳይ ብዙም አይደርስም። እናንተን የሚመለከተው ከታች ያለው «ራዮን» ነው፤ በከተማ ክፍለ ከተማ፣ በገጠር ወረዳ ማለት ነው።

ቋንቋውን ከመጀመራችሁ በፊት ካርታውን እዩ። ክራዩ 2.37 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ሁለት ኢትዮጵያ ገብታበት ቦታ ይተርፋል። በ2021 ቆጠራ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተገኘው ሕዝብ ግን 2.86 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባን እንኳን አያክልም። ከዚህም ውስጥ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋው በዋና ከተማዋ ይኖራል። የቀረው አብዛኛው በደቡብ፣ በተለይ እንደ አቺንስክና ካንስክ ባሉ የሳይቤሪያ ባቡር መስመር ከተሞች ተሰብስቧል። ሰሜኑ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ኤቨንኪያ የሚባለው አካባቢ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሁለት ሦስተኛ ይበልጣል፤ ነዋሪው ግን 20 ሺህ አይሞላም። ኤቨንኪያና ታይሚር ራሳቸውን የቻሉ አካባቢዎች ነበሩ። በ2005 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በ2007 መጀመሪያ ከክራዩ ጋር ተዋሐዱ።

ስለዚህ አንድ ሩሲያዊ «እዚሁ ክራያችን ውስጥ ነው» ቢላችሁ ወዲያው አትነሡ። ኖሪልስክ እዚሁ ክራይ ውስጥ ነው፤ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ላይ። ከቀረው ሩሲያ ጋር የሚያገናኘው መኪና መንገድም የባቡር ሐዲድም የለም። መድረሻው አውሮፕላን ነው፤ በሞቃቱ ወራት ደግሞ በየኒሴይ ወንዝ እስከ ዱዲንካ መርከብ አለ። የኖሪልስክ ሰዎች ሌላውን ሩሲያ «ዋናው ምድር» ይሉታል፣ ደሴት ላይ እንደሚኖር ሰው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኖሪልስክ ልዩ ፈቃድ ለሌለው የውጭ ዜጋ ዝግ ነው። ዜሌዝኖጎርስክና ዜሌኖጎርስክም እንዲሁ፤ እነዚህ ሁለቱ በሶቪየት ዘመን በካርታ ላይ የማይገኙ፣ ክራስኖያርስክ 26 እና ክራስኖያርስክ 45 በሚል ስም ብቻ የሚታወቁ የኑክሌር ከተሞች ነበሩ። የዜሌዝኖጎርስክ አርማ አቶምን በእጁ የሚሰነጥቅ ድብ ነው፤ ይህን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አደጋው ቅርበቱ ነው፤ ዜሌዝኖጎርስክ ከክራስኖያርስክ በአውቶብስ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የክፍል ጓደኛዬ እናቱ ዘንድ ምሳ ጋበዘኝ። ጫማዬን አስሬ ልወጣ ስል አንድ ነባር ተማሪ «ከተማው የት ነው?» ብሎ ባይጠይቀኝ ኖሮ፣ ምሳዬን በኬላ ጠባቂዎች ፊት እየተጠየቅሁ በበላሁ። ጋባዡ ክፋት አልነበረበትም፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ከተማው ለሌላው ዝግ መሆኑ ትዝ አይለውም። ግብዣ ሲመጣ መጀመሪያ የከተማውን ስም ጠይቁ።

ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ምዝገባ ነው። በአጠቃላይ ደንቡ በገባችሁ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ የምትኖሩበት አድራሻ መመዝገብ አለበት፤ የሚያስመዘግባችሁም አስተናጋጃችሁ ነው። የተማሪ መኖሪያ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ይጨርሰዋል። ቤት የምትከራዩ ከሆነ ግን ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ባለቤቱን «ታስመዘግበኛለህ?» በሉት፤ ካቅማማ ሌላ ቤት ፈልጉ። ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ሆቴል ካደራችሁ ሆቴሉ በስሙ ያስመዘግባችኋል፤ ስትመለሱ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ክፍል ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ።

ከተማዋን የኒሴይ ለሁለት ይከፍላታል። ሰው አድራሻ ሲነግራችሁ ከመንገዱ ስም አስቀድሞ «ግራ ዳርቻ» ወይም «ቀኝ ዳርቻ» ይላል። መሀል ከተማው በግራ ነው። ድልድዮቹ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ስለሚጨናነቁ ትምህርት ቤታችሁ በአንዱ፣ ቤታችሁ በሌላው ዳርቻ ባይሆን ይመረጣል። ከከተማዋ በወንዙ ሽቅብ፣ ዲቭኖጎርስክ አጠገብ 6,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ፤ የእኛ ሕዳሴ 5,150 ነው። ሁለቱንም፣ ግድቡንም የከተማዋን ድልድይም፣ በአሥር ሩብል ኖት ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ከሥር ከጥልቁ ስለሚመጣ ወንዙ ከተማዋ ላይ በብርዱ ወራትም በረዶ አይሆንም። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሆነ ጠዋት የኒሴይ እንደ ጀበና ሲተን ማየት ያስደንቃል፤ እርጥበቱ ግን ብርዱን አጥንት ድረስ ያስገባዋል። ነፋስ በጠፋባቸው ቀናት የከሰል ጭስ ይጨመርበትና ባለሥልጣናቱ ሰዉ «ጥቁር ሰማይ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያውጃሉ፤ አስም ያለበት ያን ቀን ከቤት ባይወጣ ይሻለዋል። ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያው ስለሚያቃጥል ከከባዱ ካፖርት ሥር ስስ ልብስ ይበቃል።

ሞስኮና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ክራስኖያርስክ ግን ከሁለቱም አራት ሰዓት ትቀድማለች። እናታችሁ እራት በልታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብትደውል እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቀድማችሁ አስረዷት።

በክራዩ ከሩሲያውያን ሌላ ኤቨንኪ፣ ዶልጋን፣ ኔኔትስና ኬት የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ሐበሻ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ለጾመኛ ጥቂት የሚያቀል ነገር አለ፦ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ፖስትኖዬ» ካላችሁ የጾም መሆኑ ይገባቸዋል፤ ፋሲካም ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። የገናን ፈቃድ ደግሞ ማንንም መጠየቅ የለባችሁም፤ ጃንዋሪ 7 በሩሲያም ገና ነው፣ ትምህርትም ዝግ ነው።