ወንዛችሁ ሽቅብ እየወጣ ነው

ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ሦስት አገሮች ተከምረዋል። ሰንደቅ ዓላማ የሌለው የለም። አርባ ሁለቱ የባሕር በር አላቸው፤ አሥራ አንዱ የባሕር ኃይል አቋቁመዋል። ሕዝባቸው የሚበላው እህል የት እንደሚበቅል ያሰቡት ስድስት ብቻ ናቸው። ለዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ተማሪዎቼ በየዓመቱ «የራሳችሁን አገር ፍጠሩ» የሚል የቡድን ሥራ እሰጣለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ስህተቶቹ ግን እንደ መስቀል ወፍ ዓመት ጠብቀው ያው ራሳቸው ይመጣሉ። የዘንድሮው ቀይ እስክሪብቶዬ ከማለቁ በፊት ልጻፋቸው ብዬ ተነሥቻለሁ።

ከሰንደቅ ዓላማ መጀመር

አንድ ቡድን ከተሰጠው ሦስት ሳምንት ሁለቱን በሰንደቅ ዓላማው ቀለም ሲከራከር ጨረሰ። ብሔራዊ መዝሙርም ነበራቸው፤ ቆመው ዘመሩልን፣ ዜማውም ደስ ይላል። ካርታው ግን በመጨረሻው ሌሊት የተሣለ ድንች ነበር። መጀመሪያ አገሩ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንዳለ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ወስኑ። ቀጥሎ ተራራውንና ሜዳውን፣ ከዚያ ነፋሱንና ዝናቡን፣ ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ እርሻውን፣ ከዚያ ሰውን፣ ከዚያ ከተማውንና መንገዱን። ሰንደቅ ዓላማው ለመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከፍታውን ያልወሰነ ልጅ ሌላውን ሁሉ በግምት ይሞላዋል፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቀው መልሱ «ያምራል ብለን ነው» ይሆናል።

ወንዝ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ የማያውቅ ልጅ የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቦይ ሲቀድ ነው ያደገው። እርሳስ ሲይዝ ይረሳዋል። ዘንድሮ ብቻ እነዚህን አየሁ፤ ከምሥራቁ ባሕር ተነሥቶ አገሩን ሰንጥቆ ምዕራቡ ባሕር የሚገባ ወንዝ (ይህ ወንዝ ሳይሆን የባሕር ሰርጥ ነው፣ አገራችሁም ሁለት ደሴት ሆናለች)፤ የተራራ ሰንሰለት ወጥቶ ማዶ የሚወርድ ወንዝ፤ ሜዳው ላይ ደርሶ አራት ቦታ የተከፈለ ወንዝ። የመጨረሻውን የሣለችውን ልጅ ለምን እንደተከፈለ ብጠይቃት «አራቱም ከተሞች ውሃ እንዲደርሳቸው ነው፣ መምህር» አለችኝ። ለሰው ማሰቧን ወድጄላታለሁ፤ ወንዝ ግን የቀበሌ ቦኖ አይደለም። ወንዞች ይገናኛሉ እንጂ አይለያዩም። ትንሹ ትልቁን እየተቀላቀለ ሲወርድ ካርታው ላይ የዛፍ ቅርጽ ይወጣል፤ ቅርንጫፎቹ ደጋው ላይ፣ ግንዱ ቆላው ላይ። ውሃው የሚበታተነው መዳረሻው ላይ ደለሉን አራግፎ ዴልታ ሲሠራ ነው።

አንድ ዓመት ተማሪዎቼን እንጦጦ ጀርባ ላይ አውጥቼ በእጄ የያዝኩትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ግማሹን ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ወደ ሰሜን አፈሰስኩት። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። በሰሜን በኩል የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ሜድትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው። ያን ቀን አብረውኝ የነበሩት ልጆች ካርታ ላይ ተራራ የሚሻገር ወንዝ አልሣሉም።

እንጦጦ መውጣት የማይችል ቤቱ ይሞክረው። አንድ የደብተር ወረቀት በእጃችሁ ጨምድዱና ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጉት መልሳችሁ ክፈቱት። የቆሙትን ጫፎች ሁሉ ውሃ በሚያስለቅቀው ማርከር አቅልሟቸው፤ እነዚያ ተራሮቻችሁ ናቸው። ከዚያ በጣታችሁ ውሃ እርጩበት። ቀለሙ ከጫፍ እየሸሸ በእጥፋቶቹ ይወርዳል፣ ይገናኛል፣ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። አሁን ከተማችሁን የት እንደምታስቀምጡ፣ የትኛው መንደር ጎርፍ እንደሚወስደው ከወረቀቱ ታነባላችሁ። ደብተር የሚያበላሽ ሥራ ስለሆነ እናቶች ሲያማርሩብኝ ሰምቻለሁ።

ድንበር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ወንዝም አለ፤ ቪዛ የተከለከለ ይመስል። ከነጭ ወረቀቱ ማዶ ጎረቤት አገር እንዳለ አስቡ። ወንዙ ወደዚያ የሚፈስ ከሆነ የሚያከራክራችሁ ጉዳይ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ለሪፖርታችሁ ከመዝሙሩ የተሻለ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሐይቅ

ለአንድ ሐይቅ ገባሩ የፈለገውን ያህል ይብዛ፣ የተፈጥሮ መውጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ጣናን ተመልከቱ፤ እንግዳ እንደሚበዛበት ቤት ከየአቅጣጫው ወንዝ ይገባበታል፤ በሰው እጅ ከተቆፈረው የጣና በለስ ዋሻ በቀር የሚወጣው ዓባይ ብቻ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ውሃው ይተናል፣ ይዞት የመጣው ማዕድን ይቀራል። ዝዋይና አብያታ ጎረቤታሞች ናቸው። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ስለሚተነፍስ ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ዓሣ ይጠመድበታል። ቡልቡላን የሚቀበለው አብያታ ግን መውጫ ስለሌለው ሶዳ አሽ የሚባለው ጨው መሰል ማዕድን ማምረቻ ሆኗል። እና እባካችሁ፣ በረሃ መካከል ባለ መውጫ አልባ ሐይቅ ዳር የመጠጥ ውሃ ፋብሪካ አታቁሙ። ሁለት ቡድኖች አቁመዋል።

በረዶና በረሃ

ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ 2,800 ሜትር ተራራ አናቱ ነጭ ተቀብቶ ይመጣል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 27 ዲግሪ ከሆነ 2,800 ሜትር ላይ 9 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ቅዝቃዜ ገብስና ባቄላ ይዘራል፣ ጋቢ ይደረባል፤ ተራራው ግን ዓመቱን ሙሉ በረዶ አይለብስም። ራስ ዳሸን እንኳ 4,550 ሜትር ሆኖ ቋሚ የበረዶ ክዳን የለውም፤ ኪሊማንጃሮ ያለው 5,895 ሜትር ስለደረሰ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን ከአያቶቻችሁ ስትሰሙ ያደጋችሁ ልጆች ይህን መሳሳታችሁ ያስገርመኛል።

በረሃም እንዲሁ ባዶ ቦታ መሙያ ሆኗል። በረሃ ምክንያት ይፈልጋል። እኛ አገር ክረምት ሲገባ እርጥቡ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ ከፍታው ሲገታው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያዘንባል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ቦታዎች አሉ። ነፋሱ ደጋውን ተሻግሮ ወደ ዳናኪል ሲወርድ ግን ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ እዚያ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ይበዛል። ስለዚህ ካርታችሁ ላይ ቀስት ሣሉ፤ ነፋሱ ከየት ይመጣል? ተራራው ከየት በኩል ይቀበለዋል? በረሃው ከተራራው ጀርባ ራሱ ይወጣል።

ማዕድን

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለብዙ ዓመታት በምሰጠው የመመሪያ ወረቀት ላይ «የተፈጥሮ ሀብቶች፣ ለምሳሌ ወርቅ፣ ነዳጅ፣ አልማዝ» ብዬ ስጽፍ ኖሬ ሁሉም አገር ሦስቱንም እየያዘ ይመጣልኝ ነበር፤ አንዳንዴም በአንድ ጉድጓድ። እኔ ደግሞ ስግብግብ እያልኩ ልጆቹን እወቅስ ነበር። ወርቅ እንደ አዶላ ባሉ ጥንታዊ ድንጋይ ባለባቸው ቦታዎች ይፈለጋል፤ ጋዝ እንደ ኦጋዴን ባለ በደለል አለት በተሞላ ተፋሰስ። አሞሌ የተጠረበው ጥንት የባሕር ውሃ ገብቶ ከደረቀበት የዳናኪል ረባዳ ነው። አሁን መመሪያው «ሁለት ማዕድን ብቻ ምረጡ፣ ለምን እዚያ እንደተገኙ አስረዱ» ይላል።

ከተማ

ዋና ከተማውን በማስመሪያ ለክቶ መሐል ላይ መትከል የተለመደ ነው። ከተማ ግን ምክንያት አለው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ከበደና ሐዲዱ ከሥር ባለው ሜዳ ቀረ። ባቡሩ በቆመበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902፣ ድሬዳዋ ተወለደች። አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። አዲስ አበባም ያለ ፍልውኃ አትታሰብም፤ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ደግሞ ማገዶ አልቆባት ልትነቀል ስትል ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ አቆያት። የእናንተን ዋና ከተማ ማን ይመግበዋል? ማገዶው፣ ውሃው ከየት ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያነሣ ቡድን ከተማውን ከመሐል አንሥቶ ወንዝ ዳር ሲያወርደው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስም

መጨረሻው «ላንድ» የሆነ አገር ሰልችቶኛል። አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር፣ ነጭ ሣር ስሙን ስትሰሙ ቦታው ይታያችኋል፤ እንዲያ ሰይሙ።

ባሕር

በዚህ ሁሉ ዓመት ወደብ የሌለው አገር ያመጡልኝ ቡድኖች ከአምስት አይበልጡም። ሰማያዊው ቀለም ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል። ለምን እንደሆነ አልጠይቃቸውም፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ብቻ ባሕር ዳር መሆን ወደብ አያሰኝም፤ ጥልቅ ውሃ፣ ከማዕበል የሚጋርድ ሰላጤ፣ ወደ ደጋው የሚያወጣ መንገድ ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ቡድን ዕቃው በጎረቤት ወደብ ገብቶ 750 ኪሎ ሜትር በባቡር ሲመጣ የስንዴ ዋጋ ምን እንደሚሆን በሰንጠረዥ አሳይቶ ነበር። ያን ሪፖርት እስካሁን ደብቄ አስቀምጬዋለሁ።

ቁጥርና እስኬል

እስኬሉን፣ ማለትም የካርታውን መለኪያ፣ 1:1,000,000 ብላችሁ ከጻፋችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ኪሎ ሜትር ነው። የኤ4 ወረቀት ጠቅላላ ስፋት 62,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አገራችሁ ግማሹን ቢይዝ 30,000 ገደማ። እዚያ ላይ 90 ሚሊዮን ሕዝብ አስፍሮ «85 በመቶው ደን ነው» ያለ ቡድን አለኝ። ሲካፈል በካሬ ኪሎ ሜትር 3,000 ሰው ይወጣል። በጥግግቷ የምትታወቀው ባንግላዴሽ እንኳ ከአንድ ሺህ ጥቂት ነው የምታልፈው። ሰዎቹ ዛፍ ላይ ካልኖሩ በቀር ደኑ አይገባኝም።

ሌላው ወጥመድ ፎቶ ኮፒ ነው። በኤ4 ሠርታችሁ ለግድግዳ እንዲሆን ወደ ኤ3 ስታሳድጉት በቁጥር የተጻፈው እስኬል ውሸት ይሆናል፤ መስመሩ 1.4 ጊዜ አድጓል፣ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ነው። በመስመር የተሣለ እስኬል አብሮ ስለሚያድግ አይዋሽም።

እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የኮንቱር መስመሮች አታቆራርጡ። ኮሌጅ እያለሁ አቆራርጬ ያስረከብኩትን ካርታ መምህራችን ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩና «እዚህ የቆመ ሰው በአንድ ጊዜ 2,000 ሜትርም 2,200 ሜትርም ላይ ነው፤ መሰላል ይዟል?» አሉ። ክፍሉ ለአንድ ሴሚስተር «መሰላል» እያለ ጠራኝ።

ካርታውን ለማተሚያ ቤት ከፍላችሁ የምታሠሩ ወላጆች ሆይ፣ ከሩቅ አውቀዋለሁ።

ስለ ወንዝ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዝምተኛ ልጅ ወንዙን መሐል አገር ላይ ለሁለት ከፍሎት መጣ፤ ቀይ መስመር አሠመርኩና ሦስት ነጥብ ቀነስኩ። በማግስቱ አትላስ ታቅፎ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣ። ደቡብ አሜሪካን ገለጠና ጣቱን ቬኔዝዌላ ላይ አሳረፈ። ካሲኪያሬ የሚባለው ወንዝ ከኦሪኖኮ ተገንጥሎ ሄዶ ሪዮ ኔግሮ ይገባል፤ ሪዮ ኔግሮ ደግሞ የአማዞን ገባር ነው። አንድ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ተፋሰስ ያገናኛል። ቦታው እጅግ ሜዳማ ስለሆነ ውሃው የቱ ቁልቁል እንደሆነ አይለይም፤ ልጁም አገሩን እዚያ ቦታ ላይ ሜዳ አድርጎታል፤ ከፍታውን ሳይቀር ጽፎበታል። ሦስቱን ነጥብ መለስኩለት። እስኬል ስላልጻፈ ሁለት ቀነስኩበት።