64 ጊጋ የተባለው ፍላሽ ለምን 59 ይላል?

ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ 64 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 59.6 ቢል፣ ከሻጩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በዚህች ቁጥር ምንም ያላጠፋ ሰው ሌባ ይባላል። ሐሰተኛ ፍላሽ የሸጠው ደግሞ «ፎርማቱ በልቶት ነው» ብሎ ያመልጣል። ሁለቱን የሚለየው ቀላል ስሌት ነው።

ቁጥሩ ቀንሶ ሲታይ

አምራቹ አንድ ጊጋባይት የሚለው 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው ግን በ1024 እያባዛ ስለሆነ የእሱ ጊጋ 1,073,741,824 ባይት ነው። 64 ቢሊዮንን ለዚህ አካፍሉት፤ 59.6 ይመጣል። የጎደለ ነገር የለም። ለዚህኛው ልኬት ጊቢባይት የሚል ስም ከወጣለት ቆይቷል፤ ዊንዶውስ ዛሬም ጊጋባይት ብሎ ስለሚጽፈው ግን ግርታው አልቀረም።

ስትገዙ የተጻፈውን በ0.93 አባዙት። 32 ጊጋ ወደ 29.8፣ 128 ወደ 119፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ ወደ 931 ይወርዳል። ከዚህ በጥቂቱ ቢያንስ አያሳስብም።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ፋይሉ ሲበላሽ

ሊያስቆጣን የሚገባው ይሄ ነው። 59.6 ይላል፣ ኮፒ ሲደረግበት ያለ ችግር ይቀበላል፣ በኋላ ግን ፎቶው አይከፈትም፣ ቪዲዮው መሃል ላይ ይቆማል። በውስጡ ያለው ሚሞሪ ምናልባት 8 ጊጋ ብቻ ነው፤ ትልቅ ቁጥር እንዲናገር ተደርጎ ተሠርቷል። ከ8 ያለፈው ወይ የቀደመውን ይደመስሳል ወይ የትም አይቀመጥም።

ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ፕሮግራሙ ከሌላችሁ በቪዲዮ ሙሉት፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ ከዚያ መጀመሪያ የገባውንም መጨረሻ የገባውንም ከፍታችሁ እስከ ማብቂያው ተመልከቱ። ሐሰተኛ ከሆነ ፎርማት አያድነውም፤ መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈተናው በገዛችሁበት ቀን ይሁን፣ የልጆቻችሁ ፎቶ ከመግባቱ በፊት።

ባዶ ቦታ እያለ የሰርግ ቪዲዮ እምቢ ሲል

«ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ ፋት32 (FAT32) በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ነው። ፋት32 የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ነው። እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ስለሚይዝ፣ 32ቱም 1 ሲሆኑ የሚደረሰው 4,294,967,295 ላይ ነው፤ አንድ ባይት ቢጨመር መጻፊያ የለም። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ቪዲዮ የማይገባው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ፎርማት ያጠፋዋል። ከዚያ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፎርማት በሉና ይህ ገደብ የማያግደውን ኤክስፋትን (exFAT) ምረጡ። ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ወይም የመኪና ቴፕ ኤክስፋት ላያነብ ይችላል፤ ለእነሱ ፋት32ን ሳትቀይሩ ቪዲዮውን መቁረጥ ይሻላል።

4 ሜጋ ኢንተርኔት ግማሽ ሜጋ ሲያወርድ

ተመሳሳይ የልኬት ግርታ ኢንተርኔት ላይም አለ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 አካፍሉ፤ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 600 ሜጋባይት ፋይል 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚህ እጅግ ከዘገየ ሌሎቹን ስልኮች ከዋይፋዩ አውጥታችሁ ድጋሚ ለኩ።