ስለ ኢራን ሴቶች ስታወሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ኢራን በዜና በመጣች ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለ አገሪቱ ሴቶች የሚጻፈው ብዙ ነው። አብዛኛው ከልብ የተጻፈ ነው። ግን ያው ጥቂት ስህተት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀዳ ይዞራል። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከ100 ዓመት በላይ የዘለቀ የሴቶች ትግል በአንድ ፎቶ ሲጠቀለል፣ ታሪኩ ከነሱ ተወስዶ የንጉሡ ወይም የሃይማኖት መሪዎቹ ይሆናል። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ኢራንን ከአረብ አገሮች ጋር መቀላቀል

ብዙዎቻችን መካከለኛው ምሥራቅን የምናውቀው በሪያድ፣ በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት በሠሩ እህቶቻችን በኩል ነው። ስለዚህ «ኢራን» ሲባልም ወዲያው የሚታየን እነሱ የነገሩን ኑሮ ነው። ኢራናውያን ግን አረቦች አይደሉም (በደቡብ ምዕራብ ኩዜስታን የሚኖሩ አረቦች አሉ፣ ግን አናሳ ናቸው)። የአገሪቱ ዋና ቋንቋ ፋርስኛ ነው፣ በአረብኛ ፊደል ላይ 4 ፊደላት ጨምረው ይጽፉታል። ኑሮውም ይለያል። ሳዑዲ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የፈቀደችው በ2018 ነው፤ የኢራን ሴቶች ግን ንጉሡን (ሻሁን) አውርዶ የሃይማኖት መሪዎችን ሥልጣን ላይ ካወጣው የ1979 አብዮት በፊትም በኋላም ነድተዋል። ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ጥቁሩን ቻዶር የሚለብሱት ሁሉም አይደሉም። ብዙ የከተማ ሴቶች ማንቶ የሚሉትን ረዘም ያለ ኮት በሱሪ ለብሰው ሻሽ ጣል ያደርጋሉ፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ሻሹን ጭራሽ የተዉ ብዙዎች ናቸው።

የፋርስን ሴቶች በአስቴርና በአስጢን ብቻ ማወቅ

ፋርስ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማነው ከመጽሐፈ አስቴር ነው፤ ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ገዛ የሚለውን ማን ይረሳል! እዚያ ያለው ግን የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ተራዋ ሴት እንዴት ትኖር ነበር ለሚል ሰው በ1930ዎቹ የጥንት ፋርስ ነገሥታት ከተማ በነበረችው ፐርሴፖሊስ ላይ በቁፋሮ የተገኙት በሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ጽሑፎች አሉ። በቀዳማዊ ዳርዮስ ዘመን የተጻፉ የቀለብ መዝገቦች ናቸው። ለማን ስንት እህል፣ ስንት ወይን ጠጅ እንደተሰጠ ይዘረዝራሉ። ሴቶች ከወንዶች ጋር በየሥራው ተመዝግበዋል፣ የሠራተኛ ቡድን የሚመሩት ሴቶች ደግሞ ከብዙ ወንዶች የሚበልጥ ቀለብ ያገኙ ነበር። ኢርዳባማ የምትባል ባለጸጋ ሴት የራሷ ማኅተም፣ የራሷ ርስትና ብዙ ሠራተኞች ነበሯት።

ይህን አንብቦ «ያኔ እኩልነት ነበር» ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። በነዚሁ መዝገቦች ላይ ወንድ የወለደች እናት የሚሰጣት ተጨማሪ ቀለብ ሴት ከወለደችው እጥፍ ነው።

«ከ1979 በፊት ነጻ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጨለመ» ማለት

ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው። በ1970ዎቹ ቴህራን ውስጥ አጭር ቀሚስ የለበሱ ተማሪዎች ፎቶ ይለጠፍና ጎኑ ላይ ጥቁር ቻዶር የለበሱ ሴቶች ይደረጋሉ። ፎቶው ሐሰት አይደለም። ግን የማን ፎቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በ1976 ቆጠራ ማንበብ የምትችለው ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበረች፣ በገጠር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እነዚያን ሴቶች ማንም ፎቶ አላነሳቸውም።

ከዚያ በፊት ደግሞ 1936 አለ። ንጉሡ ሬዛ ሻህ በጥር ወር ሒጃብ እንዲወልቅ አዘዘ፣ ፖሊሶችም በመንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ላይ ቻዶር ይገፍፉ ነበር። መሸፈን እምነቷ የሆነች፣ ወይም ዕድሜዋን ሙሉ ተሸፍና የኖረች ሴት ከቤት መውጣት ተወች። ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስወጡ ቤተሰቦችም ነበሩ። ሬዛ ሻህ በ1941 ከሥልጣን ሲወርድ ነው ግዴታው የላላው። ስለዚህ መንግሥት በሴት ራስ ላይ ማዘዝ የጀመረው ከአብዮቱ በኋላ አይደለም፤ አንዱ በግድ አወለቀ፣ ሌላው በግድ አለበሰ።

በልጁ፣ በ1979 በወረደው ሻህ ዘመን የተገኘው ነገር ትንሽ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በ1963 የመምረጥ መብት አገኙ። በ1967 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባል እንዳሻው የሚፈታበትን መንገድ አጠበበ። በ1968 ፋሮኽሩ ፓርሳ የትምህርት ሚኒስትር ሆነች፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር። አብዮተኞቹ በ1980 ገደሏት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። የቤተሰብ ሕጉ ተሻረ፣ ሴት ዳኞች ከወንበራቸው ተነሡ፣ የጋብቻ ዕድሜ ከ18 ወደ 9 ወረደ (በ2002 ወደ 13 ከፍ ብሏል)። በኋላ በ2003 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሺሪን ኤባዲ ዳኛ ነበረች፤ እዚያው ፍርድ ቤት ጸሐፊ አደረጓት።

ከ1979 በኋላ ሁሉም ጨለመ የሚለው ግን አያስኬድም። ልጃቸውን «ወደ ሻሁ ትምህርት ቤት አንልክም» ይሉ የነበሩ አጥባቂ ቤተሰቦች አሁን ይልኩ ጀመር። ዛሬ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከግማሽ በላይ ሴቶች ሆኑ፣ በ2012 ደግሞ 36 ዩኒቨርሲቲዎች 77 የትምህርት ዘርፎችን ለሴቶች ዘጉ። በ2014 ፊልድስ የተባለውን ትልቁን የሒሳብ ሽልማት ከሴቶች መጀመሪያ ያገኘችው ማርያም ሚርዛኻኒ ቴህራን ተወልዳ ቴህራን የተማረች ናት። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሥራ ያላቸው ወይም ሥራ የሚፈልጉት ሴቶች ከ20 በመቶ በታች ናቸው። ዲግሪ አለ፣ ሥራ የለም። የብዙ ኢራናዊት ሴት የዕለት ብስጭት ከሻሹ እኩል ይህ ነው።

ዝም ብለው የኖሩ አድርጎ ማየት

በ1890 ንጉሥ ናስረዲን ሻህ የትምባሆ ንግዱን ለአንድ እንግሊዛዊ ሸጠ። በ1891 የሃይማኖት መሪ ማጨስን ከለከሉ፣ በንጉሡ በራሱ ሐረም ያሉ ሴቶች እንኳ ሺሻቸውን አስቀመጡ። በ1907 ቢቢ ኻኑም አስታራባዲ ቤቷ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፣ ተቃውሞ ተነሣባት፣ ተዘጋባት፣ እንደገና ከፈተች። በመጋቢት 1979 አብዮቱ ከድሉ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሒጃብ ግዴታ ሊሆን ነው ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለቀናት ሰልፍ ወጡ። ሰልፉ ግዴታውን ለጊዜው አዘገየው፤ ለሁሉም ሴት ሕግ የሆነው በ1983 ነው፣ ቅጣቱም እስከ 74 ጅራፍ።

ችግሩን ሻሽ ብቻ ማድረግ

ያገባች ሴት ፓስፖርት ለማውጣት የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ፍቺ ለባል ቀላል ነው፣ ለሚስት ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። እዚህ ላይ መህር፣ ማለትም ባል ለሚስቱ ሊሰጥ ቃል የሚገባው ሀብት ይመጣል። በጋብቻ ውል ላይ ብዙ ጊዜ በወርቅ ሳንቲም ተቆጥሮ ይጻፋል፣ አንዳንዴ በመቶዎች። የውጭ ሰው ሲያየው ሴቷ የተሸጠች ይመስለዋል። እሷ ግን የምትይዘው እንደ ዋስትና ነው። ባል ሊፈታት ሲያስብ ዕዳውን ያስባል፣ እሷ መፈታት ስትፈልግ ደግሞ ሳንቲሙን ትታ ነጻነቷን ትገዛለች። «መህሬ ይቅርልህ፣ ነፍሴ ነጻ ትውጣ» የሚል አባባል አላቸው። በዚያ ላይ ኢራናዊት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፣ እንደኛው በራሷ ስም ትኖራለች።

ሁሉንም ፋርስ ማድረግ

ኢራን ውስጥ ከፋርሶች ሌላ አዘርባጃኖች፣ ኩርዶች፣ ሉሮች፣ ባሉቾች፣ ቱርክመኖች አሉ። በመስከረም 2022 የሴቶችን አለባበስ በሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ፖሊስ እጅ ገብታ የሞተችው የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ ከሳቄዝ የመጣች ኩርድ ናት፤ ቤተሰቧ ዢና ነበር የሚሏት። «ሴት፣ ሕይወት፣ ነጻነት» የሚለው መፈክርም መጀመሪያ የኩርድ ሴቶች መፈክር ነው።

ዓመት በዓላቸውን የእስልምና በዓል ማድረግ

ኖውሩዝ ከእስልምና በፊት የነበረ የጸደይ በዓል ነው፣ በመጋቢት (ማርች) 20 ወይም 21 ይውላል። የራሳችን ዘመን መለወጫ ያለን እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም። ሴቶቹ ለሳምንታት ቤት ያጸዳሉ፣ ምንጣፍ ያጥባሉ፣ ስንዴ በሳህን ያበቅላሉ፣ ከዚያ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤና ሌላም ጨምረው ስማቸው በአንድ ፊደል የሚጀምር 7 ነገሮች ገበታ ላይ ያሰናዳሉ። በ13ኛው ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ሜዳ ወጥቶ ይውላል። ስደት ላይ ከኢራናዊት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ስለ ሻሽ ከመጠየቃችሁ በፊት በዚያ ቀን «ኖውሩዝ ሞባረክ» በሏት። ሻይ ብትጋብዛችሁና ብትግደረደሩ ደጋግማ ታስገድዳችኋለች፤ እነሱም ጋ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ማለት፣ ባለቤትም እሺ እስኪባል መለመን የተለመደ ነው።