ስለ ጤና ኢንሹራንስ ማሻሻያ የሚገባ ቃል እንዴት ይመዘናል?

እ.ኤ.አ. በ2013 ኦክቶበር ወር ማብቂያ ላይ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚያሽከረክር ወዳጄ አንድ ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ደብዳቤው ለዓመታት ሳያቋርጥ የከፈለበት የጤና ኢንሹራንስ ከዲሴምበር 31 በኋላ እንደማይቀጥል ይገልጻል። ወረቀቱን ረከቦቱ አጠገብ ዘርግቶ፣ «ፕሬዚዳንቱ ያላችሁን ኢንሹራንስ ከወደዳችሁት ይዛችሁት ትቀጥላላችሁ ብለው አልነበረም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ብለው ነበር፤ ያውም ደጋግመው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውም መሪ፣ የምደግፈውም ሆነ የማልደግፈው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃል ሲገባ የምመዝንበትን መንገድ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንደተነገረ ወረቀት ላይ ያስፍሩና «ይህን የሚፈጽመው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በባራክ ኦባማ ቃል ውስጥ ተናጋሪው ፕሬዚዳንቱ ቢሆኑም፣ ውሉን ማስቀጠልም ሆነ ማቋረጥ በኢንሹራንስ ኩባንያው እጅ ነበር። ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ በተፈረመበት ዕለት፣ ማርች 23 ቀን 2010፣ ሥራ ላይ የነበሩ ውሎች ከብዙዎቹ አዳዲስ ግዴታዎች ነፃ እንዲሆኑ ተፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ ኩባንያው በውሉ ላይ ጉልህ ለውጥ ካደረገ ይህ ነፃነት ይቀራል፣ ውሉን መሸጥ ቢያቆምም ቀጥል ብሎ የሚያስገድደው አንቀጽ አልነበረም። በዚህም ምክንያት በአሠሪያቸው በኩል ኢንሹራንስ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ብዙም ሳይነኩ ሲያልፉ፣ እንደ ወዳጄ በግላቸው ለሚገዙ ሚሊዮኖች የማቋረጫ ደብዳቤ ደረሳቸው። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቴሌቪዥን ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው ግን ሕጉ ከመጽደቁ በፊት በስፋት መነሳት ነበረበት።

ቀጥሎ፣ ከተናጋሪው ሌላ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያጣሩ። ይኸው ሕግ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 138 በመቶ የማይበልጥ ጎልማሶች በየትኛውም ስቴት ቢኖሩ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ እንዲያገኙ ታስቦ የወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስቴቶች ይህን እንዲቀበሉ ማስገደድ አይቻልም ሲል ወሰነ። ውጤቱን በሠፈራችን አይተነዋል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድም ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ መታከም ሲችል፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ የምትኖር እኩል ገቢ ያላት እህቱ እስከ ጃንዋሪ 2019 መጠበቅ ነበረባት። ቴክሳስ እስካሁን አልተቀበለችውም፤ በዳላስና በሂውስተን ለሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ላይ የተገባው ቃል በራቸውን አላንኳኳም።

ሦስተኛው መመዘኛ የተጻፈ ረቂቅና የወጪ ስሌት ነው። ረቂቅ ሳይቀርብ የሚነገርን ቃል እንደ ምኞት ቢወስዱት ይሻላል። ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ በጃንዋሪ 2017፣ ኦባማኬርን በሚተካው ዕቅዳቸው ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ እንደሚኖረው ተናግረው ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት በሜይ 4 ያጸደቀውን ረቂቅ የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ ሲመረምረው ግን፣ በ2026 ኢንሹራንስ የማይኖራቸው ሰዎች ቁጥር ነባሩ ሕግ ቢቀጥል ከሚኖረው በ23 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ገመተ። ልብ ይበሉ፤ ይህ ስሌት የወጣው ድምፅ ከተሰጠ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። የሴኔቱ ሙከራም በጁላይ 28 ሌሊት በ51 ለ49 ድምፅ ወደቀ። እኚሁ ሰው በሴፕቴምበር 2024 በተደረገው ክርክር ዕቅድ እንዳላቸው ሲጠየቁ የዕቅድ ሐሳቦች እንዳሏቸው ነበር የመለሱት።

ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀንም ይመልከቱ፤ በ2010 የተፈረመው ሕግ ዋና ዋና ክፍሎች የጀመሩት በ2014 ነው።

በዚሁ ሚዛን ማስፈራሪያንም መመዘን ይገባል። በ2009 አረጋውያን መታከማቸውን ወይም መሞታቸውን የሚወስን የመንግሥት ሸንጎ ሊቋቋም ነው ተብሎ ተነዛ፤ በረቂቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የተፈጸመውንም መካድ አይገባም። ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ እንዲቆዩ ተደርጓል፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውም በሕመሙ ምክንያት ኢንሹራንስ አይከለከልም። ለቤተሰቤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻ የራስዎን ወረቀት ያውጡ። ኩባንያው የኢንሹራንሱን ጥቅምና ወጪ በአጭሩ የሚያሳይ ሰነድ እንዲሰጥዎ ሕጉ ያስገድደዋል። በዚያ ላይ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣውን፣ ይዩ። ሐኪምዎ በኔትወርኩ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞች ዝርዝር፣ ውስጥ መኖሩን ወደ ክሊኒኩ ደውለው ያረጋግጡ። እንግሊዝኛው ከከበደዎ አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቁ።

ወዳጄ በዲሴምበር አዲስ ኢንሹራንስ ተመዘገበ። በመንግሥት ድጎማ ወርሃዊ ክፍያው ከቀድሞው አነሰለት፤ ለዓመታት የሚያክመው ሐኪም ግን በአዲሱ ኔትወርክ ውስጥ አልነበረም። ይህን ያወቀው በፌብሩዋሪ ወር፣ ቀጠሮ ሊይዝ ሲደውል ነው።