ትን ያለውን ከታነቀው እንዴት እንለያለን? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ትን ያለው ሰው ሁሉ አልታነቀም። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ድምፁ ነው።

ምልክት፦ እያሳለ ነው፣ ይናገራል

ምክንያቱ፦ የአየር ቧንቧው የተዘጋው በከፊል ነው፤ አየር ያልፋል።

መፍትሄው፦ «አይዞህ፣ ሳል» እያላችሁ አጠገቡ ቆዩ። ጀርባውን አትምቱ፣ ውሃም አትስጡ። ደጋግሜ የማየው ስህተት ይኸው ውሃ ማቅረብ ነው፤ መንገዱ አየርን ከምግብ ጋር ባምታታበት ሰዓት ውሃው ራሱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሳሉ እየደከመ ከሄደ ግን ወደሚቀጥለው እለፉ።

ምልክት፦ ድምፁ ጠፍቷል፣ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጓል፣ ከንፈሩ መልኩን እየለወጠ ነው

ምክንያቱ፦ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ያለችው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ናት።

መፍትሄው፦ «ታንቀሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መናገር አቅቶት ራሱን ከነቀነቀ ወዲያው ጀምሩ፤ አምቡላንስ ሌላ ሰው ይጥራ። በጎኑ ቁሙና በአንድ እጃችሁ ደረቱን ደግፋችሁ በደንብ ወደ ፊት አጎንብሱት፤ የተቀረቀረው ሲላቀቅ በአፍ እንዲወጣ እንጂ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው። በሌላው እጃችሁ የመዳፍ ሥር፣ ማለትም ከእጅ አንጓ አጠገብ ባለው ክፍል፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን 5 ጊዜ በኃይል ምቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይራራል፤ እባካችሁ አትራሩ፣ ቸብ ቸብ ማድረግ ምንም አያላቅቅም።

ካልወጣ ከኋላው ሁኑና ወገቡን እቀፉ። አንድ እጃችሁን ጨብጣችሁ ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረት አጥንቱ በታች አሳርፉ። በሌላው እጅ ያዙትና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ሄይምሊክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የቀረው አየር ተጨምቆ የተቀረቀረውን ከታች ይገፋዋል። እስኪወጣ 5 ምት፣ 5 ግፊት እያላችሁ ቀጥሉ። ነፍሰ ጡር ወይም ወገቡ የማይታቀፍ ሰው ከሆነ ሆዱን ትታችሁ የደረቱን መሃል ጫኑ።

የታነቀው 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሆነ

ሆዱን በፍጹም አትጫኑ፤ የውስጥ አካሉ ይጎዳል። ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ራሱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ መንጋጋውን ደግፉ። 5 ጊዜ ጀርባውን ምቱ፣ ገልብጣችሁ 5 ጊዜ የደረቱን መሃል ጫኑ፣ ደጋግሙ።

ምልክት፦ ራሱን ስቷል

ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙትና 30 ጊዜ ደረቱን ጫኑ፤ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። አፉን ክፈቱ፤ የሚታይ ነገር ካለ አውጡ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ እንደገና ጫኑ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ይብሱኑ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

ወጥቶለትም ሳሉ ካልተወው፣ ሲውጥ የሚያንቀው ነገር ካለ፣ ወይም ሆዱ ተጭኖ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።